የሐጂ አስተርጓሚ

ናይሮቢ የሄድኩት ለመማር ነበር። ከዚያ በፊት በደቡብ ኢትዮጵያ በምትገኝ አንዲት ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ጠቅላላ ሐኪም ነበርኩ። ምጥ የጠናባትን አዋልጃለሁ፤ ሞተር ብስክሌት የገጨውን ሰፍቻለሁ፤ መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን ቁስል አጥቤያለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን በሰሜን ኬንያ በአርብቶ አደሮች መካከል ላለች ትንሽ ክሊኒክ ሐኪም ለመላክ ስትጸልይ ከርማ እኔን ስትመርጠኝ፣ እዚያ ከመድረሴ በፊት ናይሮቢ ላይ የአንድ ዓመት የሕክምና ሚሲዮን ሥልጠና መውሰድ እንዳለብኝ ነገሩኝ። በተሸኘሁበት እሑድ ሽማግሌዎቹ መድረኩ ላይ ከበውኝ እጃቸውን ጫኑብኝ። እናቴ ፊት ለፊት ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርግ ነበር። እኔ አላለቀስኩም። የምሄደው ለሥራ ነው፣ ሥራ ደግሞ አውቃለሁ፤ የሚያስለቅስ ነገር አልታየኝም።

ናይሮቢ ስደርስ ግን ሥራ አልነበረም። የኬንያ የሕክምና ፈቃድ እስኪወጣልኝ ድረስ በሽተኛ መንካት እንደማልችል የሥልጠናው አስተባባሪ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነገረኝ። አይቆይም አለኝ። ቆየ። በጠየቅኩ ቁጥር ጉዳይሽ እየታየ ነው ይሉኛል። ጠዋት ጠዋት ፓርክላንድስ ባለው የሥልጠና ቤት እንማራለን፤ ከሰዓት በኋላ የሚሲዮን ሆስፒታሉን ዋርዶች እንዞራለን። ደረቴ ላይ ታዛቢ መሆኔን የሚናገር ባጅ አንጠልጥዬ ከሐኪሞቹ ኋላ እቆማለሁ። አንድ ቀን አንዲት ነርስ የሕፃን ደም ሥር አጥታ እጁን ደጋግማ ስትወጋው፣ ሥሩ እኔ ካለሁበት ወለል ብሎ ይታየኝ ነበር። ሕፃኑ ይጮኻል፤ እናቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። እኔ እጆቼን ጋውኔ ኪስ ውስጥ ጨብጬ ቆምኩ። ካሳራኒ በተከራየነው ቤት አብራኝ ለምትኖረው ከማላዊ የመጣች ነርስ ይህንን ነገርኳት። የእሷም ፈቃድ አልወጣም ነበርና ሻይ ቀድታልኝ አጠገቤ ተቀመጠች።

ሆስፒታሉ ውስጥ የማይድኑ ሕሙማንን ስቃይ የሚያስታግስ አንድ ክፍል ነበር። ኃላፊዋ በአርባዎቹ ዕድሜ ያለች ኬንያዊት ሐኪም ናት። ሁሉም በስዋሂሊ ዳክታሪ፣ ዶክተር ማለት ነው፣ ይላታል፤ እኔም እንደዚያው ነበር የምጠራት። አንድ ቀን ከክፍል ሳልወጣ ደወለችልኝ። ኢትዮጵያዊ በሽተኛ እንዳላት፣ እስካሁን ልጃቸው ስታስተረጉም እንደቆየች፣ ዛሬ ግን አላስተረጉምም ብላ ኮሪደር ላይ እንደተቀመጠች ነገረችኝ። ልመጣ እችል እንደሆን ጠየቀችኝ። ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ናይሮቢ ከገባሁ ጀምሮ ለአንድ ነገር የፈለገኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ልጅቷ ሂጃብ የለበሰች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነች። ያደገችው እዚያው ናይሮቢ፣ ኢስሊ ነው። አማርኛዋ የቤት አማርኛ ነው፤ ሲቸግራት እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ይገባበታል። ከአባቷ ጉሮሮ በታች ያለው የምግብ ቧንቧ በመሣሪያ ታይቶ፣ ናሙና ተወስዶ፣ ውጤቱ በዚያ ጠዋት መጥቶ ነበር። ውጤቱን አንብባዋለች። ራሴን ሳስተዋውቃት ቀና ብላ አየችኝ።

«ሶሪ ዶክተር፣ እኔ አልችልም። የበሽታው ስም በአማርኛ ምን እንደሚባል አላውቅም። ማወቅም አልፈልግም።»

እናቷ አጠገቧ ነበሩ፤ ጥቁር የለበሱ ቀጭን ሴት፣ ጭናቸው ላይ የአጥሚት ፔርሙስ ይዘዋል። አማርኛ ስናገር ሲሰሙ ክንዴን ያዙና ወደ መስኮቱ ሳቡኝ። እሳቸው የበሽታውን ስም ያውቁታል፤ ልጃቸው ውጤቱን ስታነብ ፊቷ ሲለወጥ አይተው በግድ አናግረዋታል።

«ልጄ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ ስሙን አትጥሪበት» አሉኝ። «ነቀርሳ የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ያን ቀን ነው የሚሞተው። ቁስል ነው በይው። ይድናል በይው።»

እኔ የምናገረው ዶክተሯ የምትለውን ብቻ እንደሆነ፣ ግን ሐሳባቸውን እንደምነግራት ገለጽኩላቸው። ክንዴን አለቀቁትም። አገር ቤት ሳለሁ እንዲህ ያለ ልመና ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እዚያ ግን ሐኪሟ እኔ ነበርኩ፤ መቼ እንደምናገር፣ ለማን እንደምናገር፣ ምን ያህል እንደምናገር የምወስነው እኔ ነኝ። እዚህ አፌ ብቻ ነው የተፈለገው።

ዳክታሪ ሁሉንም ስነግራት አልተገረመችም። በየቤቱ እንዲህ ነው አለችኝ። መጀመሪያ የምንጠይቀው እሳቸውን ነው፤ ማወቅ የማይፈልጉ ከሆነ አንናገርም። ሚስታቸውና ልጃቸው ትንሽ ውጭ እንዲቆዩ በትሕትና ለመነቻቸውና ሁለታችን ገባን።

ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ናቸው። መካ ደርሰው ስለተመለሱ የሚያውቃቸው ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። ነርሶቹ ደግሞ ምዜ ይሏቸዋል፤ አባት እንደማለት ነው። ሰውነታቸው ከትራሱ እምብዛም አይለይም ነበር፤ ጢማቸው ግን ተበጥሮ፣ ነጭ ቆባቸው ራሳቸው ላይ ነበረ። ጤና ይስጥልኝ ስላቸው ዓይናቸው ፈካ። የየት አገር ልጅ እንደሆንኩ፣ እናት አባቴ በሕይወት እንዳሉ፣ ናይሮቢ ብርዱ እንዴት እንዳደረገኝ ጠየቁኝ። እሳቸው ከደሴ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ናቸው። ኢስሊ ውስጥ ጨርቅ መሸጥ ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።

«ስዋሂሊዬ ለገበያ ይበቃኛል» አሉኝ። «ለመታመም ግን አልበቃ አለኝ።»

ዳክታሪ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስለ ሕመማቸው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ እንድጠይቃቸው ነገረችኝ። ጠየቅኳቸው። በሩን አዩት፤ የተዘጋ መሆኑን ሲያረጋግጡ ወደ እኔ ዞሩ።

ታላቅ ወንድማቸው በዚሁ ሕመም እንደሞተ ነገሩኝ። መጀመሪያ እንጀራ አልወርድ አለው፤ ቀጥሎ ገንፎ፤ ቀጥሎ ውኃ። አስታማሚው እሳቸው ነበሩ። «እኔ አሁን ገንፎው ላይ ነኝ» አሉኝ። «ሐኪም ሊነግረኝ የሚችለው ምን አለ?»

ያንን ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ገንፎን ምን ብዬ እንደመለስኩት አላስታውስም፤ ዳክታሪ ግን ገብቷታል። ልትናገር ስትል ሐጂ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥተው ጣታቸውን አነሡ።

«አንድ ነገር ንገሪያት። ሚስቴና ልጄ እኔ እንደማላውቅ ነው የሚያስቡት። እንደዚያው ይሁን። ሚስቴን የያዛት እኔን መደበቋ ነው፤ እሱን ከወሰድኩባት ትወድቃለች።»

ዳክታሪ ሐሳቡን ከሰማች በኋላ ፖሌ ሳና አለቻቸው። ፖሌ ኬንያውያን ለሁሉም ነገር የሚሉት ነው፤ ሰው ሲደናቀፍም፣ ሰው ሲሞትበትም። በአማርኛ ምን ልበለው? አይዞዎት ልል ስል ሐጂ ቀደሙኝ፤ እሷን ሳይሆን እኔን እያዩ።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። ወሎ ውስጥ ሰው የሚጽናናበት ቃል ነው። ፊቴ ላይ ምን አይተው እንደሆነ አላውቅም።

ስንወጣ ሚስትየው በሩ ሥር ቆመው ነበር። «አልነገራችሁትም አይደል?» አሉኝ። አልነገርናቸውም አልኳቸው። እውነት ነው፤ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ፔርሙሱን በብብታቸው ይዘው አልሐምዱሊላህ ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አበሱና ወደ ውስጥ ገቡ። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ድምፃቸው ተሰማኝ፤ በጣም ደህና በሆነ ድምፅ፣ ሐኪሞቹ ቁስል ነው እንዳሉ፣ አጥሚቱን እየጠጡ ከበረቱ በቅርብ ወደ ቤት እንደሚመለሱ እየነገሯቸው ነበር። ሐጂም በዚያው በደህና ድምፅ፣ ኢንሻአላህ፣ አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ከሰዓት ከሰዓት እዚያ ነበርኩ። ዳክታሪ የአስተባባሪውን ፈቃድ ጠይቃ ወደ እሷ ክፍል አዛወረችኝ። በሽተኛ መንካት ባይፈቀድልኝም መናገር ተፈቅዶልኛል። ሕመሙ የት እንደሆነ፣ ምን እንደሚመስል፣ መድኃኒቱ እንዳስተኛቸው ወይም እንዳቅለሸለሻቸው እጠይቃለሁ፤ መልሱን እናገራለሁ። እንደ ሐኪም ደግሞ የማስበውን ለራሴ አስባለሁ። ሳላቸው ሲለወጥ ከነርሷ በፊት ሰምቼዋለሁ። ከዓይናቸው ሥር ያለው ቆዳ ሲጎድል አይቼዋለሁ። ለዳክታሪ ስነግራት ትሰማኛለች፤ ብዙውን ጊዜ ግን እሷም አይታዋለች። ብናየውም ያው ነው።

ዳክታሪ ምግብ እንዲያልፍላቸው ቧንቧው ውስጥ ትንሽ ቱቦ እንዲገባ አደረገች። ከዚያ በፊት ሚስትየው ቱቦው ከገባ ይድናሉ አይደል ብለው ጠየቁኝ። ለዳክታሪ ነገርኳት። ለመዋጥ ይረዳቸዋል አለች። ለመዋጥ ይረዳቸዋል አልኳቸው። እሳቸው ግን የሰሙት የፈለጉትን ነው፤ ስልካቸውን አውጥተው ለደሴ ዘመዶቻቸው መሣሪያ ተገኘ ብለው ደወሉ። ልጅቷ አጠገባቸው ቆማ ወለሉን ታያለች። እኔም የምመለከተው አጥቼ ወለሉን አየሁ።

ቱቦው ለጥቂት ጊዜ ሠራ። ለሐጂ ለስላሳ ምግብ መውሰድ እንደሚችሉ ነግሬ ምን እንዳማራቸው ጠየቅኳቸው። ሽሮ፣ ቀጠን ያለ፣ በርበሬው ያልበዛ። ሚስትየው በዚያ ቀን ደክሟቸው ኢስሊ ቀርተው ነበርና ሁርሊንግሃም ካለ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት አመጣለሁ ብዬ ሄድኩ። ባለቤቷ ለታመመ ሰው መሆኑን ስትሰማ ለብቻው አፍልታ፣ አጥልላ ሰጠችኝ። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ዕቃውን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ እንዳይፈስ ሰው ሲገፋኝ በክርኔ እየተከላከልኩ ተመለስኩ። ሐጂ በትንሽ ማንኪያ እየቀመሱ፣ በእያንዳንዱ ጉርሻ መሃል ዓይናቸውን ጨፍነው እየጠበቁ፣ ግማሹን ያህል ጨረሱ። ግንባራቸው በላብ ተጥለቀለቀ። ልጅቷ ሳቀች፤ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ያን ዕለት ወደ ካሳራኒ ስመለስ የተሳፈርኩበት ማታቱ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥስ ነበር፤ እኔ ግን እግሬ መሬት አልነካም ያለኝ መሰለኝ። ለአንድ ሰው ሽሮ ስላደረስኩ።

በዚያ ሳምንት ከአገር ቤት አንድ ሽማግሌ በስልክ የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። ቤተ ክርስቲያኗ እንደምትጸልይልኝ፣ ለእሑድ ምስክርነት እንደሚፈልጉ፣ እግዚአብሔር በእኔ በኩል በሕሙማኑ መካከል ምን እንደሠራ በአጭሩ እንድናገር ጠየቁኝ። ድምፃቸው ውስጥ ፍቅር እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። ደጋግሜ ሰማሁት። የመቅጃውን ምልክት ተጫንኩ፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጓደኞቼ ተናገርኩና አጠፋሁት። እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና አጠፋሁት። በመጨረሻ ጸልዩልኝ የሚል ብቻ ላክሁላቸው። የሥልጠና ቤት ውስጥም ተራ በተራ ስንናገር ማላዊቷ ጓደኛዬ የተሻለው ሕፃን እንደነበረ ተናገረች። የእኔ ተራ ሲደርስ አስተርጉሜያለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ማንም አልሳቀም፤ ምን ማለቴ እንደሆነም የጠየቀኝ የለም።

በሥልጠናው ከተማርነው ውስጥ በደንብ የያዝኩት አንድ ነገር ነበር፤ በሰው አልጋ ራስጌ ሳይጠይቁህ አትስበክ። በሆስፒታሉ ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹ ኮሪደር ላይ ተሰብስበው ይዘምራሉ። አንድ ቀን ሐጂ የምንዘምረው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። እግዚአብሔር እረኛ ነው የሚል መዝሙር መሆኑን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንቺም ዱዓ አድርጊልኝ» አሉ። «በእናንተ ደንብ ለምኝልኝ፤ ቅር አይለኝም።»

ምን ብዬ ልለምን ስላቸው፣ አድነው አትበይ አሉኝ። ሰው የማይመስለውን ነገር ሲለምን ልቡ አብሮ አይሄድም። ደሴ አድርሰው በይ። የእናታቸው መቃብር ያለበትን ኮረብታ አንድ ጊዜ ማየት ብቻ ነበር የፈለጉት። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በልቤ ለመንኩ፤ እሳቸው መዳፎቻቸውን ከፍተው ያዙ። ደሴን አይቼው አላውቅም። የማላውቀውን ከተማ ስም እየደጋገምኩ እግዚአብሔርን ለመንኩት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አጥብቄ የለመንኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ስጨርስ አሜን አልኩ፤ እሳቸው አሚን አሉ፤ አብረን ነው የወጣው።

ወደ አገር የመሄዱ ሐሳብ ቤተሰቡ ውስጥ የገባው በሁለት በር ነው። ሐጂ ለሚስታቸው አየር ለውጬ ልምጣ አሏቸው። ሚስትየው ደግሞ ለእኔ፣ አገሩ መቃብሩ ይሁን እንጂ በሰው አገር አላስቀብረውም አሉኝ፤ ወደ ባላቸው ዞረው ግን፣ አዎ፣ የደሴ አየር ያድንሃል አሉ። ሁለቱም አንዱ አንዱን እንዳሳመነው ቆጥሮ ደስ አለው። ልጅቷ ትኬት መጠየቅ ጀመረች። ከናይሮቢ አዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ከአዲስ አበባ ደሴ በመኪና። መንገደኛው መብረር እንደሚችል ሐኪም መመስከር ነበረበት። ዳክታሪ ሳንባቸውን አዳመጠች፤ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠች። ወደ ቤታቸው መድረስ እንዲችሉ እሷም ትፈልግ ነበር፤ ጥቂት ቀን ይበርቱና እናያለን አለች። የነገርኳቸው እንደዚያው ነው።

አልበረቱም። የጠጡት ነገር በተሳሳተ መንገድ ወደ ሳንባቸው ይወርድ ጀመር፤ ትኩሳቱ መጣ፤ ትንፋሹ አጠረ። በአፍንጫቸው ኦክስጅን ተደረገላቸው። አንድ ከሰዓት ዳክታሪ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በአውሮፕላን መሄድ እንደማይችሉ፣ መንገድ ላይ እንዳይሞቱባቸው እንደምትፈራ እንድነግራቸው ጠየቀችኝ። ሚስትየውና ልጅቷም ነበሩ። ስለዚህ ሐጂ ሚስታቸው ፊት እንደማያውቅ ሰው ሆነው መስማት ነበረባቸው፤ እኔም እንደማያውቅ ሰው አድርጌ መንገር ነበረብኝ። ሳንባዎ ትንሽ ስላመመዎት ጉዞው ይቆይ ተብሏል አልኳቸው። ዳክታሪ የተናገረችው ከዚያ ይበልጥ ነበር፤ ቀሪውን ዓይን ለዓይን ስንተያይ ተረዱት። ጣሪያውን አዩ።

«እሺ በያት» አሉኝ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ዝናቡ አልፎ ቢሆን ይሻላል» አሉ፤ ይህኛው ለሚስታቸው ነበር። ሚስትየው፣ አዎ፣ ዝናቡ ይለፍ አሉ።

ከክፍሉ ወጥቼ በደረጃው ሥር ቆምኩ። እግዚአብሔርን ደሴ ስለው እንደነበረ አሰብኩ። ብዙ አልጠየቅኩትም ነበር። ዳክታሪ ስታልፍ አገኘችኝና አጠገቤ ቆመች። ስንት ዓመት እንደሠራች አውቃለሁ፤ የሆነ ነገር ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷም እኔ ከምለው የተሻለ ነገር እንደሌላት፣ ነገ ግን በሰዓቱ እንድመጣ ነገረችኝ።

ያረፉት ዓርብ ከሰዓት ነው። ከመስጊድ የጁምዓ ሶላት አዛን በመስኮቱ ይሰማ ነበር። ሚስትየው ቁርኣን እየቀሩ፣ ልጅቷ የአባቷን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። እኔ ከአልጋው ግርጌ ነበርኩ። የኦክስጅኑ ቱቦ ከአፍንጫቸው ሲንሸራተት አየሁት፤ እጄ ሊሄድ ሲል ያዝኩትና ነርሷን ጠራኋት። ቶሎ መጥታ አስተካከለችው። ቢሆንም ለውጥ አላመጣም። ትንፋሻቸው እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ዳክታሪ ተጠርታ መጣች፤ ደረታቸው ላይ ማዳመጫዋን አሳረፈች፣ ቆየች፣ ከዚያ በስዋሂሊ ቀስ ብላ አንድ ነገር ተናገረችና ወደ እኔ ዞረች። ለመተርጎም አፌን ስከፍት ሚስትየው መዳፋቸውን ወደ እኔ አነሡ። አቆምኩ። የሐጂን ዓይን ራሳቸው ከደኑላቸው።

የኢስሊ ሰዎች መጥተው ወሰዷቸው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ናይሮቢ ተቀበሩ።

ለቅሶ የሄድኩት ከዳክታሪ ጋር ነበር፤ እሷ ግን ሥራ ስለነበረባት ቀድማኝ ተመለሰች። ቤታቸው ከሱቆቹ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሴቶቹ ምንጣፉ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሚስትየው አጠገባቸው ቦታ አደረጉልኝና እጄን ጭናቸው ላይ ይዘው ቆዩ። ስለ ሽሮው አነሡ፤ ሁርሊንግሃም ድረስ መሄዴን ልጃቸው ነግራቸው ነበር፤ መረቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፤

«አንድ ነገር ነው የሚያጽናናኝ። ሳያውቅ ሄደ። አንድም ቀን ሳይፈራ ሄደ።»

የሐጂን ቃል ይዣለሁ፤ ለእሳቸው ለመናገር ፈቃድ የለኝም። ቢኖረኝስ ኖሮ? እጃቸውን መልሼ ያዝኩና አላህ ያጽናዎት አልኩ። በዙሪያችን ያሉት ሴቶች አሚን አሉ።

ልጅቷ ማታቱ እስከምይዝበት ሸኘችኝ። መንገዱ በጨርቅ ተሸካሚዎችና በጋሪ ታጭቆ ጎን ለጎን መሄድ አይቻልም፤ እሷ ቀድማ፣ እኔ ተከትያት ሄድን። ማታቱው ጋ ስንደርስ ዞረች።

«አባዬ ያውቅ ነበር አይደል?» አለችኝ። ወዲያው እሷው ራሷን ነቀነቀች። «አትንገሪኝ። ከእማዬ ጋር የምኖረው እኔ ነኝ።»

ለረዳቱ በፈጣን ስዋሂሊ የት እንደሚያወርደኝ ነገረችውና፣ መኪናው እስኪነቃነቅ በመስኮቱ በኩል እያየችኝ ቆመች።

የሕክምና ፈቃዴ የወጣው መጠየቁን በተውኩበት ወቅት ነው። ሥልጠናውን ጨርሼ ወደ ሰሜን ሄድኩ፤ አሁን የምጽፈው ከዚያው ነው። እዚህ በሽተኛ እነካለሁ፤ ሰፍቻለሁ፣ አዋልጃለሁ፣ የደም ሥር ፈልጌ አግኝቻለሁ። የመዋጥ ችግርም እዚህ አገር ብዙ ነው። ሰዎች ከሩቅ፣ በግመልና በጭነት መኪና ይመጣሉ፤ አንዳንዱ የሚመጣው ውኃ እንኳ እምቢ ካለው በኋላ ነው። ቋንቋቸውን ገና አልቻልኩትም። በመካከላችን የምትቆመው የክሊኒኩ አስተርጓሚ ናት፤ የዚሁ መንደር ሴት፣ በሽተኞቹን ከነዘመዶቻቸው የምታውቅ። እኔ አጭር ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ፤ እሷ ረዘም ያለ ነገር ትነግራቸዋለች። ሰውዬው ራሱን ይነቀንቃል፣ ሚስቱ መሬት መሬት ታያለች። ምን እንደጨመረች ወይም ምን እንዳስቀረች አላውቅም። መጠየቅ እችላለሁ። እስካሁን አልጠየቅኳትም። በሽተኞቹ ሲያልቁ ክሊኒኩ ደጅ ባለው ግንድ ላይ አጠገቧ እቀመጥና ውኃ እንጠጣለን።